ቀጭኔዋ ፀሐይ ያለ ቴሌቪዥን
(በሙንዮንዮ፣ ካምፓላ፣ ለተሰበሰቡ ስደተኛ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

የምናገረው ከ4 እስከ 6 ዓመት ስላሉት ልጆቻችን ነው።

በኡጋንዳ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ደረጃ በነፃ እንዲሰጥ ተወስኗል። መዋዕለ ሕፃናት ግን በዚህ ውስጥ ስለማይገባ አብዛኛው በክፍያ ነው። የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ስደተኛ ቀድሞ የሚተወው ይህን ክፍያ ነው። ልጁም ቤት ይውላል። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ሉጋንዳ ይለምዳል። መልካም ነው፣ ይልመድ። ነገር ግን አማርኛው በዚያው እየሳሳ ከሄደ፣ አያቱ ስልክ ስትደውል ከሰላምታ የሚያልፍ ቃል ያጣል።

ብዙዎቻችሁ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ፊልም ታውቁታላችሁ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ መጠየቅ ትወዳለች። ዝግጅቱን የጀመሩት መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር ሆነው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን አጀማመሩ ነው። አሻንጉሊቱን በእጃቸው ሠርተው፣ የቤታቸውን ሳሎን ስቱዲዮ አድርገው ተነሡ። እኛም ባለችን አንዲት ክፍል መጀመር እንችላለን። በናኪቫሌ ያሉ ወገኖቻችንም መብራት ቢቸግራቸው እንኳ ይህን ማድረግ አያቅታቸውም።

አንደኛ፣ አሻንጉሊቷን እንሥራ። ነጣ ያለ አሮጌ ካልሲ፣ ለዓይን ሁለት የሸሚዝ ቁልፎች፣ ለጆሮ ቁራጭ ካርቶን ይበቃል። በቡና አተላ ነጠብጣብ አድርጉባት። እናት ወይም አባት እጁን አስገብቶ ያናግራታል። ደንቡ አንድ ነው፤ የእኛዋ ፀሐይ አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው። ልጁ በሉጋንዳ ሲመልስላት፣ «አልገባኝም፣ እባክህ አስረዳኝ» ትላለች። ያኔ ልጁ አስተማሪ ይሆናል። ለትልቅ ሰው አፍሮ የማይናገር ልጅ ለአሻንጉሊት ይናገራል። በቤታችሁ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ከሆነ የሚነገረው፣ ፀሐይም ያንኑ ትናገር።

ሁለተኛ፣ ፊደል። የቀጭኔ አንገት ያን ያህል ቢረዝምም አጥንቶቹ እንደ ሰው 7 ብቻ ናቸው። የፊደላችንም ቤት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ 7 ነው። ስለዚህ ከካርቶን 7 ቁራጮች ቆርጣችሁ ረጅም አንገት አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ቀ ቀጭኔ፣ ቁ ቁራ፣ ቂ ቂጣ፣ ቃ ቃሪያ፣ ቄ ቄስ፣ ቅ ቅቤ፣ ቆ ቆሎ። በቀን አንድ ብቻ ይጨመር። ልጁ በጣቱ በደጁ ቀይ አፈር ላይ ይጻፈው። በሳምንቱ አንገቱ ይሞላል።

ሦስተኛ፣ ቁጥር። ትልቅ ቀጭኔ 5 ሜትር ያህል ይደርሳል። 5 ሜትር ገመድ መሬት ላይ ዘርጉና ልጁ በጎኑ ይተኛ። ስንት ጊዜ ቢተኛ ቀጭኔዋን ያህላታል? ከዚያ በስንዝር፣ በክንድ፣ በእርምጃ ይለካው። ረጅምና አጭርን፣ ብዙና ጥቂትን በዚህ ያውቃል።

አራተኛ፣ ንጽሕና። በልጁ መዳፍ ላይ ጠብታ ዘይት ቀብታችሁ የከሰል ብናኝ ነስንሱ። የነካውን ሁሉ፣ በሩንም ጣሳውንም፣ ራሱ ይቁጠር። ከዚያ በውኃ ብቻ ሲታጠብ ጥቁሩ እንደማይለቅ ያያል። በመጨረሻ እስከ ሃያ እየቆጠረ በሳሙና ይታጠብ። በዓይን የማይታየው ጀርምም ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው እንዲሁ መሆኑን ፀሐይ ትጠይቀው፣ እሱ ያስረዳት።

አምስተኛ፣ ፊልሙ በስልክ ካለ አንዱን ክፍል ብቻ አሳይታችሁ ዝጉት። «ፀሐይ ምን ቸገራት? ማን ረዳት? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አትቀሙት፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ያየው ነገር የራሱ የሚሆነው በራሱ አንደበት ሲናገረው ነው።

ውድ ወላጆች፣ ድካማችሁን አውቃለሁ። ስለዚህ ከሩብ ሰዓት የበለጠ አልጠይቃችሁም። ሦስት ቤተሰብ ተስማምቶ ልጆቹን በተራ ቢያጫውት ደግሞ ለአንዱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ይደርሰዋል። ልጁ ሲሳሳት አትቆጡት፤ ፀሐይ ትክክለኛውን ቃል ደግማ ትበለውና ጨዋታው ይቀጥል። ይህን የእናት ሥራ ብቻ ነው የምትሉ አባቶችም ካልሲው ለወንድ እጅ እንደሚበቃ አትርሱ።

ወደ አገር የምንመለስበትን ወይም ወደ ሌላ አገር የምንሄድበትን ቀን እየጠበቅን ብዙ ነገር አቆይተናል። ልጅ ግን አይቆይልንም፤ አራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ አሮጌ ካልሲ ፈልጉ።