ስለ አዲሱ ከርነልና ስለ ተከለከለው መዝገብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የኮምፒዩተር ክበብ ያሰማው ንግግር)



ክበባችን በዚህ በዓል ላይ እንዲናገር ዕድል በተሰጠው ጊዜ፣ ስለ ኮምፒዩተር ጥቅም በጠቅላላው ከመናገር ይልቅ በዚህ ዓመት በኮምፒዩተር ክፍላችን የደረሰውን አንድ ነገር ልናስረዳችሁ ወደድን። ነገሩ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንድ ጓደኛችን ያለ በደሉ የታማበት ስለ ሆነ ለእኛ ትንሽ አልነበረም።

እንደምታውቁት የኮምፒዩተሮቹ ቁጥር ከተማሪው ቁጥር ጋራ አይመጣጠንም። ስለዚህ ተራ የሚያዝበት መዝገብ አለ። መዝገቡ በዋናው ኮምፒዩተር ላይ የሚገኝ አንድ ፋይል ነው፤ ተማሪው አጭር ትእዛዝ ሲሰጥ ስሙና ሰዓቱ በፋይሉ ጫፍ ይጨመራል። ፋይሉ ይቀመጥ የነበረው ቫር ቲኤምፒ በሚባለው፣ ማንም ሰው ጊዜያዊ ነገሩን በሚያኖርበት የወል ማኅደር ውስጥ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ፋይሉን የከፈተው አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በመሆኑ ባለቤቱ እርሱ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም እንዲጽፍበት ተፈቅዶ ነበር።

በአንድ ቅዳሜ የዋናው ኮምፒዩተር ከርነል በአዲስ ተለወጠ። ሰኞ ጧት ተማሪዎች ተራ ለመያዝ ሲሞክሩ «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልስ ተሰጣቸው። የአንድ ሰው ስም ብቻ ያለ ችግር ገባ፤ እርሱም የፋይሉ ባለቤት ነው። ወሬው ወዲያው ተነሣ፤ «መዝገቡን ለራሱ ቆለፈው» ተባለ። ልጁ በበኩሉ ምንም እንዳላደረገ ቢናገርም፣ ለእርሱ የሚከፈት ለሌላው የሚዘጋ ነገር ምን ማስረጃ ያሻዋል ያሉ ብዙዎች ነበሩ።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ከርነል ምን እንደ ሆነ ለወላጆቻችን መግለጽ ይገባናል። ሥርዓተ ክወና ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድር የፕሮግራሞች ስብስብ ሲሆን፣ ከርነል የተባለው አስኳሉ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ፋይል ሊከፍት ሲሻ ዲስኩን ራሱ አይነካም፤ ከርነሉን ይጠይቃል፤ ከርነሉም የጠየቀው ማን እንደ ሆነ መርምሮ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። የእኛ ኮምፒዩተር የሚሠራበት ከርነል ሊኑክስ ይባላል። ይህንንም ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተወላጅ በ1991 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ጀመረው። የፈቃዱን ሥርዓት ግን የወረሰው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከጀመሩት ከዩኒክስ ነው።

በዚህ ሥርዓት መሠረት እያንዳንዱ ፋይል ባለቤትና ቡድን አለው፤ ከእነዚህ ውጭ የሆነው ሁሉ «ሌላ» ይባላል። ለሦስቱም ማንበብ፣ መጻፍና ማስኬድ ለየብቻቸው ይፈቀዳሉ ወይም ይከለከላሉ። ከሁሉ በላይ ሩት የሚባለው አስተዳዳሪ አለ፤ እርሱን እነዚህ የተለመዱ ክልከላዎች አይዙትም።

እንግዲህ መጀመሪያ የተመለከትነው የፋይሉን ፈቃድ ነበር። ቁጥሩ 666 ነው፤ ይህም ማለት ባለቤቱም፣ ቡድኑም፣ ሌላውም ሊያነብና ሊጽፍ ይችላል ማለት ነው። ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ቁጥር በተለወጠ ነበር። ዲስኩ እንዳልሞላ፣ ለንባብ ብቻ እንዳልተደረገም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አረጋገጥን። ከዚያም መምህራችን በሩት ስም ገብተው ፋይሉን አነበቡት፤ ተነበበ። በጫፉ አንድ መስመር ሊጨምሩ ሲሞክሩ ግን «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚለው ያው መልስ መጣ። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን።

ከመካከላችን አንዱ ፈቃዱን 777 እናድርገው አለ። (777ን እንደ ጠበል በፋይሉ ሁሉ ላይ የሚረጩ ሰዎች መኖራቸውን ሰምተናል፤ የሚያስወግደው ሕመም ግን ጥቂት፣ የሚያመጣው ብዙ ነው።) ተደረገ፤ ለውጥ ስላልመጣ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት ግን የሩት መከልከል የሚያስረዳውን አንድ ነገር ያዝን። አንድ ተራ ተማሪ የፋይሉን ፈቃድ እንዴትም አድርጎ ቢለዋውጠው ሩትን ሊከለክል አይችልም። ሩትን የሚያግድ ኢሚውቴብል የተባለ ምልክት አለ፤ ምልክቱን ለማኖር ግን የሩት ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ብንፈልገውም በፋይሉ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ምክንያቱ ገና ሳይታወቅ፣ ጓደኛችን ይህን ሊያደርግ እንደማይችል በዚያው ሰዓት ተረጋገጠ። ይህንንም መምህራችን በማግስቱ በሰልፍ ላይ ተናገሩ።

ቀጥሎ ኮምፒዩተሩን በአሮጌው ከርነል አስነሣነው፤ አዲስ ከርነል ሲገባ አሮጌውን አለማጥፋት ጥሩ ልማድ ነውና። በአሮጌው ሁሉም ጻፈ። በአዲሱ መልሰን አስነሣን፤ ሁሉም ተከለከለ። እንግዲህ ነገሩ ከከርነሉ እንደ ሆነ ታወቀ፤ የትኛው ሕግ እንደ ሆነ ግን አልታወቀም። የፋይሉን ግልባጭ ወደ ሌላ ማኅደር ወስደን ሞከርን፤ ሩት ያለ ችግር ጨመረበት። በዚያው በወል ማኅደር ውስጥ ሌላ ተማሪ የራሱን አዲስ ፋይል ከፈተ፤ እርሱ ጻፈ፤ ሌሎቹ ተከለከሉ። በመጨረሻም በፓይተን ቋንቋ ሦስት መስመር ጽፈን፣ ፋይሉን «ካለ ብቻ ክፈት» በሚል አኳኋን አስከፈትነው፤ ያን ጊዜ የተከለከለው ተማሪ ሁሉ ሊጽፍ ቻለ!

ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ተራ የሚይዘው ትእዛዝ ከርነሉን የሚጠይቀው «ከሌለ ፍጠር፣ ካለ ክፈት» ብሎ ነው። አንድ ተንኮለኛ፣ የአስተዳዳሪው ፕሮግራም ሌሊት በወል ማኅደር ውስጥ በምን ስም ፋይል እንደሚፈጥር ቢያውቅ፣ አስቀድሞ በዚያው ስም የራሱን ፋይል ያኖራል፤ ፕሮግራሙ አዲስ የፈጠረ መስሎት ምስጢሩን በተንኮለኛው ፋይል ውስጥ ይጽፋል። ይህን ለመከላከል በኦክቶበር 2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 4.19 የተባለው ከርነል ፕሮቴክትድ ሬጉላር የሚባል አዲስ ደንብ አስገባ። ደንቡ 1 ሲሆን፣ ሁሉ ሊጽፍበት በተፈቀደና ስቲኪ ቢት ባለበት ማኅደር ውስጥ የሌላ ሰው የሆነ ፋይል በዚያ አኳኋን አይከፈትም፤ የፋይሉ ባለቤት የማኅደሩም ባለቤት ከሆነ ግን ይፈቀዳል። 2 ሲሆን ቡድን ሊጽፍባቸው የሚችሉትን ስቲኪ ማኅደሮችም ይጨምራል። 0 ከሆነ ደንቡ የለም። ሩትም ለዚህ ደንብ ይገዛል፤ ይልቁንም ደንቡ የወጣው በሩት ስም የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ለመጠበቅ ጭምር ነው።

ስቲኪ ቢት የተባለው ምልክት ራሱ ታሪክ አለው። በ1974 እ.ኤ.አ. በዩኒክስ ሲጀመር ሥራው ሌላ ነበር፤ በማኅደር ላይ ሲደረግ አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳይሰርዝ የሚከለክል የሆነው በ1986 እ.ኤ.አ. በ4.3 ቢኤስዲ ነው። የወል መስክ ላይ ማንም ከብቱን ያሰማራል፤ የሌላውን ከብት ነድቶ መውሰድ ግን አይችልም እንደ ማለት ነው።

በኮምፒዩተራችን ላይ የደንቡን ቁጥር ብናነብ 1 ሆኖ አገኘነው። ሲስተምዲ የተባለው ፕሮግራም ከ241ኛው እትሙ፣ ማለት ከፌብሩዋሪ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቁጥሩን 1 እንዲሆን ያዝዛል። ትእዛዙ በእኛም ኮምፒዩተር ውስጥ ተጽፎ ኖሯል፤ አሮጌው ከርነላችን ከ4.19 በፊት የነበረ በመሆኑ ግን ደንቡን ስለማያውቀው ዝም ብሎ ያልፈው ነበር።

ስለ መፍትሔው ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ቁጥሩን 0 አድርገን እንገላገል አሉ፤ የአንድ መስመር ሥራ ስለ ሆነ ነገሩ ያጓጓል። እኛ አልተስማማንም። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ በሩት ስም ሌሊት የሚሠሩና የፈተና ውጤት የሚገለብጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለተራ መዝገብ ተብሎ የእነርሱ መከላከያ መነሣት የለበትም። ሌላው አሳብ የፋይሉን ባለቤት ሩት ማድረግ ነበር፤ የማኅደሩ ባለቤት ሩት ስለ ሆነ ደንቡ ይፈቅዳል። ይሠራል፤ ነገር ግን ለጊዜያዊ ነገር በተዘጋጀ ቦታ የዓመት መዝገብ ማኖር ከመጀመሪያውም የሚመች አልነበረም።

ስለዚህ መዝገቡ የራሱ ማኅደር ተሠራለት። «ተራ» የሚባል ቡድን ተፈጥሮ ተማሪው ሁሉ ገባበት፤ የማኅደሩ ፈቃድ 2770 ሆነ። መጀመሪያ ላይ ያለው 2 በውስጡ የሚፈጠረው ፋይል ሁሉ የዚያው ቡድን እንዲሆን ያደርጋል። ስቲኪ ቢት ስለሌለበት፣ ለሌላ ሰውም ክፍት ስላልሆነ አዲሱ ደንብ አይነካውም። የደንቡም ቁጥር 1 እንደ ሆነ ቀረ።

ክልከላው በቆየባቸው ሦስት ቀኖች ተራ በወረቀት ሲያዝ ስለ ነበር፣ ስሞቹ ሁሉ ወደ አዲሱ መዝገብ ገቡ። ከወረቀቱ በሁሉ ፊት ሲነበብ ተቀምጦ የጻፈው ያ የታማው ጓደኛችን ነው።

ሙከራውን በዓይናችሁ ለማየት የምትፈልጉ ወላጆች ከምሳ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ እንድትመጡ እንለምናለን፤ አሮጌውንና አዲሱን ከርነል እያፈራረቁ የሚያሳዩ ሦስት ተማሪዎች በበሩ አጠገብ ይጠብቋችኋል።