ከጋራዥ የወጣችው «ምድራዊት መልአክ»



አንዳንድ ዘፋኝ መቶ ዘፈን ዘፍኖ አንዱም ሳይታወስለት ይቀራል፤ አንዳንዱ ደግሞ በአንዲት ዘፈን ብቻ ስሙ ሲጠራ ይኖራል። ዛሬ የምተርክላችሁ በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ስለ ነበሩ አራት ጥቁር ወጣቶች ነው። እነርሱም ክሊቭ ዳንከን፥ ከርቲስ ዊልያምስ፥ ዴክስተር ቲዝቢና ብሩስ ቴት ሲሆኑ፥ «ፔንግዊንስ» የሚለውን የማኅበራቸውን ስም የወሰዱት ለሲጋራ ማስታወቂያ ከተሣለች ወፍ ነው።

ዘፈናቸው «ኧርዝ ኤንጅል» ትባላለች፤ ምድራዊት መልአክ ማለት ነው። የተቀዳችውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ቴድ ብሪንሰን በተባለ የባስ ተጫዋች ጋራዥ ውስጥ ነበር። ከበሮው የዘፋኞቹን ድምፅ እንዳይውጠው በትራስ ታፈነ። የጎረቤት ውሻ በጮኸ ቁጥርም ሸክላ አሳታሚው ዱትሲ ዊልያምስ እየወጣ ዝም ያሰኘዋል፤ ከዚያ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይቀዳሉ።

ቅጂው ለሙከራ ያህል ነበር፤ ዱትሲ ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ ሊጨምርበት አስቦ ነበርና። ሆኖም ጥሬውን ቅጂ ጆን ዶልፊን ወደ ተባለው ነጋዴ ሸክላ ቤት ቢወስደው፥ ከዚያ ሆኖ ሌሊት በሬዲዮ ሙዚቃ የሚያሰማው ሰው አሰማው። ሲነጋ ጠያቂው በዛ። ስለዚህ ጭማሪው ቀርቶ እንዳለች ታተመች። ይሸጣል ተብሎ የታሰበው በሸክላው በሌላው ፊት ያለው ዘፈን ነበር፤ ሕዝቡ ግን ገልብጦ ሰማ። የሸክላው መለጠፊያ ወረቀት እንኳ ስላለቀ በተገኘው ቀለም ወረቀት ይታተም ጀመር። እኔስ ይህች ዘፈን በደንብ ተሞሽራ ብትወጣ ኖሮ የልመናዋ ለዛ ይጠፋ ነበር ባይ ነኝ።

በ1955 መጀመሪያ በጥቁሮች ሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነች፤ በጠቅላላው የአገሩ ሠንጠረዥ ግን 8ኛ። «ክሩ ከትስ» የተባሉ ነጭ ካናዳውያን ይህንኑ ዘፈን ለሜርኩሪ ኩባንያ ዘፍነው 3ኛ ደረጃ ደረሱ። በዚያን ዘመን ጥቁሮችን የማያሰሙ የሬዲዮ ጣቢያዎች ብዙ ነበሩ፤ ሕጉም የዜማውንና የግጥሙን ባለቤት እንጂ ዘፋኙ ያወጣውን አዘፋፈን አይጠብቅም ነበር።

ወጣቶቹ ከገቢው ቅድሚያ ክፍያ ቢጠይቁ ዱትሲ እንቢ አላቸው። ስለዚህ ባክ ራም የተባለ ወኪል ይዘው ሄዱ፤ የሄዱትም ወደዚያው ወደ ሜርኩሪ ነበር! ራም ግን እነርሱን ለመስጠት የያዛቸውን ሌሎች ዘፋኞች፥ «ፕላተርስን» ጨምራችሁ ውሰዱ ብሎ ተዋዋለ። በዚያው ዓመት ፕላተርስ «ኦንሊ ዩ»ን ዘፍነው ስማቸው ዓለምን ሞላ። ለምርቃት የተጨመሩት ነገሡ፤ የተፈለጉት ፔንግዊንስ ግን ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዘፈን አላገኙም።

የደራሲነቱም ነገር ለክርክር ፍርድ ቤት ደረሰ። ዛሬ የሚጻፉት ስሞች ሦስት ናቸው፤ ከርቲስ ዊልያምስ፥ ጌይነል ሆጅና ጄሲ ቤልቪን። ቤልቪን በ1960 በአርካንሳስ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት ዕድሜው ገና 27 ነበር። የፍቅር ዘፈን የሚሰማ ሰው ከበስተ ኋላው ስንት ውልና ስንት ክስ እንዳለ አያስብም።

ክሊቭ ዳንከን ግን መዝፈኑን አልተወም። በ1985 «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» በተባለው ፊልም ዘፈኒቱ በወጣቶች ጭፈራ ላይ በሌላ ሰው ድምፅ ተሰምታ ለአዲስ ትውልድ ደረሰች። ዳንከን በ2012 ዐረፈ። ከዚያ አስቀድሞ በ2004 የአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ ከመረጣቸው ድምፆች አንዷ እርስዋ ሆናለች። የተመረጠውም የክሩ ከትስ ቅጂ አይደለም፤ ያው ከበሮው በትራስ የታፈነበት የጋራዡ ቅጂ ነው።