የተረፈው መኖ

እህቶች፣ ሰበታ ያለነው በ20 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነው የጀመርነው። አንዲት ጣይ በቀን 120 ግራም ያህል ስለምትበላ ጠዋት ጠዋት 2 ኪሎ ከ400 እንመዝናለን። ፋሲካ ሲቃረብ መኖው ይተርፍ ጀመር። የሒሳብ ሰዎች ነን ባዮቹ እኛ «ወጪ ቀነሰልን» ብለን ደብተር ላይ ጻፍን! በሦስተኛው ቀን እንቁላሉ አሽቆለቆለ፤ ኩሳቸው አረንጓዴ ሆነ፤ የአንዳንዶቹ አንገት ተጣመመ። ፈንግል ነበር። ለበዓል ከገበያ ገዝተን አብረን ያሳደርናት ዶሮ ሳታመጣብን አልቀረችም። 13ቱ ሞቱ።

ፈንግል ከያዘ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት ነው፣ እሱም በጤናቸው ጊዜ ከተሰጠ። አሁን ማታ ማታ የተረፈውን መዝነን ከእንቁላሉ ቁጥር ጎን እንጽፋለን። ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁም ይህችን ዓምድ ጨምሩ፤ መኖ ከተረፈ በዚያው ቀን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የበዓሏን ዶሮ ደግሞ ለብቻዋ አሳድሯት።