ድንገተኛና ድንገተኛ ሕመም
(በወረታ በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው የሆድ ቁርጠትን ነው። ብዙዎቻችን ድንገተኛ የሚባለውን ሥር ከገበያ በእስር ገዝተን ቤት እናኖራለን። ሆድ ሲቆርጥ አኝኮ ውኃውን መዋጥ ነው። ጤና አዳምም አለ፤ እሱማ ከቡናችን አይጠፋም። ሐኪም ቤት ስንሄድ ግን ይህን መናገር እናፍራለን። ለምን እንደምናፍር አይገባኝም፤ ነገሩ በምሁራን ተመርምሯል።

በ1990 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ምሁር ኤርምያስ ዳኜ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የድንገተኛ ሥር የተዘፈዘፈበት ውኃ በአንጀት ጡንቻ ላይ የሚያደርገውን አጥንተው አሳትመዋል። የተክሉ የሳይንስ ስም ታቨርኒየራ አቢሲኒካ ነው።

አንጀት ላይ እንዴት ይመረመራል ትሉ ይሆናል። ለፋሲካ የታረደ በግ ሆድ ዕቃ ያጠበች ሁሉ ታውቀዋለች፤ ትኩስ አንጀት በጉ ከሞተ በኋላም ጥቂት ይንቀሳቀሳል። የአንጀት ጡንቻ እንደ ክንድ የእኛን ፈቃድ አይጠብቅም። በላቦራቶሪም ከእንስሳ የተወሰደ ቁራጭ አንጀት፣ በሰውነት ሙቀት ልክ በሞቀ ጨዋማ ውኃ ውስጥ፣ ኦክስጅን እየተነፋለት ይንጠለጠላል። ጫፉ ከመመዝገቢያ ጋር ይታሰራል፤ ሲኮማተርና ሲላላ መስመር ይሥላል። ነርቮቻችን አንጀትን እንዲኮማተር የሚያዙበት አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቁርጠት ማለት ያ መኮማተር ከልክ ሲያልፍ ነው። የድንገተኛው ውኃ ሲጨመር የአንጀቱ መኮማተር ቀነሰ።

ስለዚህ አያቶቻችን ያኘኩት በከንቱ አልነበረም። ሆኖም የተላላው ጡንቻ ነው። ቁርጠቱን ያመጣው ነገር እዚያው ሊኖር ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ቁርጠት የሚያላላ ሁሉ አይበላም። በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅለው አስተናግር (አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ) በውስጡ አንጀት የሚያላሉ ብርቱ ንጥረ ነገሮች አሉት። ፋርማሲ የምንገዛው ቡስኮፓንም ከዚያው ቤተሰብ ዕፅዋት ከሚገኝ ንጥረ ነገር የሚሠራ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ተለክቶ፣ ተቀይሮ መቅረቡ ነው። አስተናግርን በእጅ ግምት የወሰደ ሰው አፉ ይደርቃል፣ ይቀባዥራል፣ ሊሞትም ይችላል። ስሙም የወጣለት በከንቱ አይደለም።

ወደ ሜዳችን ልመለስ። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ላይ ውኃ ሲተኛ የምንጠጣው ይበከላል፤ አሜባውም ጃርዲያውም ይመጣል። ሥሩ ቁርጠቱን ቢያስታግሥም ተቅማጡን ያመጣውን ተሕዋስ ይገድላል ብለን መተማመን አንችልም። ልጅን የሚገድለው ደግሞ የውኃ ማለቅ ነው፤ ለእሱ መድኃኒቱ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ. ነው፣ ከዚንክ ጋር። ወባም በልጆች ላይ በትውከትና በሆድ ሕመም ሊጀምር ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ትርፍ አንጀትና የአንጀት መጠምዘዝ ነው። ሆዱ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እንቢ ካለው፣ ሆዱ ሲነካ እንደ ጣውላ ከደረቀ፣ ደም ከታየ፣ ወይም የሚታመመው ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ሥር እያኘኩ ሌሊቱን መግፋት የለም። የተጠመዘዘ አንጀት ደም ስለማያገኝ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል። ሕመሙ ትንሽ ሲያስታግሥ «ተሻለኝ» እንላለን፤ ያ ዕረፍት ነው የሚያዘገየን።

ሴቶቻችን እስኪነጋ የሚያኝኩት ባለማወቅ ብቻ አይመስለኝም። ሥሩ ቤት አለ፤ የባጃጅና የካርድ ገንዘብ ግን የለም። የማኅበራችን መጠባበቂያ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሦስት ፈራሚ ከየት ይመጣል? ስለዚህ እያንዳንዷ የቡድን ሰብሳቢ ለባጃጅና ለካርድ የሚበቃ ገንዘብ በእጇ እንድትይዝ፣ ሌሊት ለሚያንኳኳባት አባል ያለ ፊርማ እንድትሰጥ፣ ደረሰኙም በሳምንት ውስጥ እንዲቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡበት እለምናለሁ።