ከአባቴ የወረስኳት የእንፋሎት ሞተር
(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ «ስለ ሙያህ ተናገር» ሲሉኝ፣ ስለሠራሁባቸው ፋብሪካዎች እንዳወራ ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ይህችን ይዤ መጣሁ። ከኋላ ያላችሁ ላትታያችሁ ትችላለች፤ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገባ የእንፋሎት ሞተር ናት።

አባቴ ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ሞተሯን የሰጠው ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ አገር ባልደረባው ነው። እኛ ልጆቹ ቡፌ ላይ ተቀምጣ እያየናት አደግን። «አባዬ፣ አስነሳልን» ባልነው ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ «እሷ አትነካም።» ስስት መስሎን ስንት ጊዜ አኮረፍን!

አባቴ ካረፈ በኋላ ዕቃ ስንከፋፈል እህቴ «ናስ ነው፣ ለቆራሌው እንሽጠው» አለች። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ውሃ ሞልቶ ከሰል ምድጃ ላይ ሊጥዳት ደረሰ። ነጥቄ ወሰድኳት። እውነቱን ልናገርና እኔም የዚያኑ ዕለት ማታ ላስነሳት ስፕሪት ገዝቼ ነበር። ክብሪት ከመጫሬ በፊት የሴፍቲ ቫልቩን ዘንግ ሳብ አደረግኩት። ንቅንቅ አላለም። ዝጎ ደርቋል። ያን ጊዜ የአባቴ «አትነካም» ገባኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ማንነቷን ማወቅ ነበረብኝ። ወለሉን በለስላሳ ጨርቅ ስጠርገው «ማሞድ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጄፍሪ ማሊንስ እ.ኤ.አ. በ1937 በርሚንግሃም ውስጥ የመሠረተው የእንግሊዝ ፋብሪካ ሥራ ናት። የውሃ መጠን ማሳያ መስታወት የላትም፤ ቦይለሩ ጫፍ ላይ የትርፍ ውሃ መውጫ ብሎን ብቻ ነው ያላት። ማንደጃዋም ክር ያለው የስፕሪት ነው። ፋብሪካው ወደ ደረቅ ነዳጅ የዞረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራች መሆኗን ከዚህ አወቅኩ። ይህ ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም። የጀርመኑ ዊሌስኮ ቫልቭ ለማሞድ ይሆናል ብላችሁ በግድ ብታስገቡ ጥርሱን ታበላሻላችሁ። በርሚንግሃም የሚኖር የዚሁ ኮሌጅ ልጅ ትክክለኛውን አዲስ ቫልቭ ላከልኝ። ማኅበራችን ምን ይጠቅማል ለምትሉ፣ ይኸው!

ቀጥሎ የቦይለሩ ፍተሻ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ፣ በእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ 1 ተኩል እጥፍ አድርጌ አቆየሁትና ጠብታ ፈለግኩ። በአየር እንዳትሞክሩት። ውሃ ስለማይታመቅ ቦይለሩ ቢሰነጠቅ እንኳ ያንጠባጥባል እንጂ አይፈነዳም። እንፋሎት ግን ሌላ ነገር ነው፦ 1 ሊትር ውሃ ወደ 1,600 ሊትር ገደማ እንፋሎት ይሆናል።

ዋናው አደጋ ደግሞ ውሃ ማለቁ ነው። ከከባቢ አየር በላይ 1 ባር ግፊት ላይ ውሃ የሚፈላው 120 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ እስካለ ድረስ ናሱ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውሃው ካለቀ ግን እሳቱ ናሱን ብቻውን ያገኘዋል። የብዙዎቹ አሮጌ ትናንሽ ቦይለሮች መገጣጠሚያ ደግሞ በቆርቆሮና በእርሳስ የተበየደ ስለሆነ 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ነዳጁ ከውሃው ቀድሞ እንዲያልቅ ለክታችሁ ጨምሩ። ቦይለሩ በጋለበት ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ፤ ማንደጃው በጋለበት ስፕሪት አትጨምሩ። የስፕሪት ነበልባል በፀሐይ ብርሃን አይታይም፤ የጠፋ መስሏችሁ ልትጠጉት ትችላላችሁ። ውሃው የተጣራ ይሁን። ከነዳጅ ማደያ የባትሪ ውሃ ስትገዙ ግን ጠርሙሱን አንብቡ፤ አጠገቡ የሚደረደረው አሲድ ነው።

ፈተናውን ካለፈች በኋላ ቤተሰቡን ሰብስቤ በረንዳ ላይ አስነሳኋት። መጀመሪያ ተፋች፣ አንጠባጠበች፣ አኮረፈች። መንኮራኩሯን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ግን ተነሳች፤ ትክ ትክ ትክ እያለች ከአሥር ደቂቃ በላይ ዞረች። «ለቆራሌው» ያለችው እህቴ ናት ቀድማ ያለቀሰችው።

እኔ ቴርሞዳይናሚክስ ተምሬ፣ ፋብሪካ ተክዬ፣ ያችን ማታ ክብሪት ይዤ ነበር። አባቴ ዲግሪ አልነበረውም። መለዋወጫው እንደማይገኝ ያውቃል፣ ልጆቹ እንደሚከቧት ያውቃል፣ ስለዚህ አላስነሳትም። እኛ ዘንድ ስስታም መባልን መርጦ ነው የኖረው።

ዛሬ ሞተሯን ለመካኒካል ምሕንድስና ክፍል ላብራቶሪ አስረክባለሁ። አንድ አደራ ብቻ አለኝ። መስታወት ውስጥ አትቆልፉባት፤ ተማሪዎች ያስነሷት። ነገር ግን ከእሷ ጋር የማስረክበው ደብተር ላይ ቫልቩን የፈተሸው ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ ማንም ክብሪት አይጫር።