የደም ምርመራ መቼ ይጠየቃል?
ስለ ላይም በሽታ በራዲዮ የተደረገ ንግግር



ከሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ በሽታ፥ ስለ ላይም ነው። የመጀመሪያው ጸሐፊ ለሥልጠና ወደ አሜሪካ፥ ኮኔቲከት ወደምትባለው ክፍለ ግዛት ተልከው ስድስት ወር ተቀምጠው የተመለሱ ናቸው። በዚያ ሳሉ በዕረፍት ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር በጫካ ይዘዋወሩ ነበር። ከተመለሱ ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጉልበታቸው አበጠ። ሁለተኛው ግን ከአገር ወጥተው አያውቁም፤ ዓመቱን ሙሉ ድካም ይሰማቸዋል፤ በቅርቡም ለለቅሶ ገጠር ወርደው ሲመለሱ በባታቸው ላይ መዥገር ተጣብቆ አገኙ። በሜሪላንድ የሚኖረው ልጃቸው «አባባ፥ ላይም እንዳይሆን ይመርመሩ» ቢላቸው፥ ከዕቁብ የደረሳቸውን ገንዘብ ደማቸውን ወደ ውጭ አገር ለማስላክ ሊያወጡት አስበዋል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ከሐኪሞች ጽሑፍ አንብቤ የተረዳሁትን ነው። ለሁለቱ ሰዎች የሚሰጠው መልስ ግን አንድ አይደለም።

ላይም በኮኔቲከት የምትገኝ ከተማ ናት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 በዚያ አካባቢ የሚኖሩ ሁለት እናቶች፥ የብዙ ልጆች መገጣጠሚያ ለምን ያብጣል ብለው የጤና ባለሥልጣኖችን ወተወቱ። (የእናት ውትወታ አንዳንድ ጊዜ ከሊቃውንት ጉባኤ ይበልጣል።) በ1982 ዊሊ ቡርግዶርፈር የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የበሽታውን ጠመዝማዛ ተሐዋሲ በመዥገር ሆድ ውስጥ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ብዙውን ጊዜ በሽታውን የምታስተላልፈው ገና ያላደገችው መዥገር ስትሆን፥ መጠኗ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ከታመሙት ብዙዎቹ መነከሳቸውን እንኳ አያውቁም። በሽታው የሚበዛው በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅና በላይኛው መካከለኛ ምዕራብ፥ እንዲሁም በመካከለኛው አውሮፓ ነው። ዘመዶቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ሜሪላንድ፥ ቨርጂኒያና ሚኔሶታ ከእነዚሁ ይቈጠራሉ።

የዚህ ተሐዋሲ የቅርብ ዘመድ በአገራችን አለ፤ እርሱም በሰውነት ቅማል የሚተላለፈውንና እየተወ የሚያገረሸውን ትኩሳት የሚያመጣው ነው። ይህኛው ትኩሳቱ በተነሣ ጊዜ በደም ውስጥ ስለሚበዛ፥ የላቦራቶሪው ሠራተኛ አንዲት ጠብታ ደም በመስተዋት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት በዐይኑ ያየዋል። የላይም ተሐዋሲ ግን በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዚህ መንገድ አይያዝም። ሌባው ካልተገኘ ዱካው ይፈለጋል፤ ዱካውም ሰውነት ራሱን ለመከላከል የሚያዘጋጀው አንቲቦዲ ነው።

ዱካው እስኪታይ ሳምንታት ያልፋሉ። በሽታው በያዘው ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ደሙ ቢመረመር ከግማሽ የሚበልጡት ሕሙማን «ነፃ» ተብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ በሽታው ካለበት አገር የነበረ ሰው ሽፍታው በግልጽ ከታየበት፥ ሐኪሙ ምርመራ ሳይጠብቅ መድኀኒት ያዝለታል። ሽፍታው የሚያጠራጥር ሲሆን ደም ይመረመራል፤ ውጤቱ ነፃ ቢሆን ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ ይደገማል። እዚህ ላይ ለእኛ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በመጻሕፍት የሚታየው ሥዕል በነጭ ቆዳ ላይ እንደ ዒላማ የከበበ ቀይ ሽፍታ ነው። በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ስለማይጎላ፥ የተመታ ቦታ መስሎ ሊታለፍ ይችላል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካለፈ በኋላ ምርመራው ይበልጥ ይታመናል። የሚደረገውም በሁለት ደረጃ ነው፤ የመጀመሪያው ነፃ ካለ በዚያው ያበቃል፥ አለ ወይም ያጠራጥራል ካለ ሁለተኛው ይከተላል። ሁለቱ ካልተስማሙ ላይም ነው አይባልም።

«ቢመረመሩስ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። የሒሳብ ሰዎች ስለሆናችሁ ይህን አስሉልኝ። ከ1000 ሰዎች መካከል በእውነት የታመመው አንድ ብቻ ነው እንበል። ምርመራው ከ100 ጤነኞች 2ቱን በስሕተት «ታማሚ» የሚል ቢሆን፥ አንዱን ሕመምተኛ ለማግኘት 20 ያህል ጤነኞች ያለ በሽታቸው መድኀኒት ሊውጡ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የድካማቸው እውነተኛ ምክንያት ሳይፈለግ መቅረቱ ነው። በ2020 የአሜሪካ የተላላፊ በሽታ፥ የነርቭና የመገጣጠሚያ ሐኪሞች ማኅበራት በአንድነት ያወጡት መመሪያም፥ መዥገር ነክሶት ምንም የሕመም ምልክት የሌለበት ሰው እንዳይመረመር ይመክራል።

እንግዲህ የኮኔቲከቱ መንገደኛ፥ እርስዎ መመርመር ይገባዎታል። በሽታው ካለበት ቦታ ነበሩ፥ ጉልበትዎ አብጧል፥ ጊዜውም በቂ ነው። ሐኪሙ ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ከጉልበትዎ ውኃ ቀድቶ ለማስመርመር ቢፈልግ አይከልክሉት። ቀድሞ የሚያገረሸው ትኩሳት ወይም ቂጥኝ ይዞዎት ከነበረ ሳያፍሩ ይንገሩት፤ የእነዚህ ዱካ ከላይም ዱካ ጋር ሊምታታ ይችላልና። ላይም ሆኖ ከታከሙም በኋላ ለመዳንዎ ማረጋገጫ ብለው ምርመራውን አያስደግሙ፤ አንቲቦዲው ለዓመታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

እርስዎ ሁለተኛው ጸሐፊ ግን፥ የዕቁቡን ገንዘብ ለጊዜው ያቆዩት። ድካሙ መዥገሩን ከማግኘትዎ በፊት የጀመረ ነው፤ ስለዚህ በቅርብ ካለው ሐኪም ቤት ሄደው የደም ማነስ፥ የስኳር፥ የእንቅርትና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እንደሚያስፈልግዎ ይጠይቁ። የአገራችን መዥገርም ቢሆን ያለ ነገር አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ትኩሳት ያመጣል። ከተነከሱ በኋላ ትኩሳትና ራስ ምታት፥ ወይም በነከሰዎ ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ታይቶ እንደ ሆነ ለሐኪሙ ያስረዱት። መዥገሩን ያገኙበትን ቀን በደብዳቤዎ አልጻፉልኝም፤ ለእርሱ ግን ይንገሩት።