አጭር ናት፤ ግን ቤት ድረስ ትከተላለች

(በእሁድ ስብሰባችን ላይ ያደረግሁት ንግግር፤ ለመጽሔታችን እንዲሆን በጽሑፍ የቀረበ)

እህቶቼ፣ ዛሬ እረፍት አግኝታችሁ ለመጣችሁ እንኳን ደህና መጣችሁ። በር ተቆልፎባችሁ ለቀራችሁትም ይህ ጽሑፍ በስልክ ይደርሳችኋልና ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

አስተባባሪዎቻችን «ባለፈው ወር ስለታዩት ሦስት አጫጭር ተውኔቶች አንቺ ተናገሪ፤ ደራሲ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ደራሲ ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እኔ እስከ አስረኛ ክፍል የተማርኩ፣ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ወለል የወለወልኩ ሰው ነኝ። ቲያትር የጀመርኩት ትምህርት ቤት በፀረ ኤድስ ክበብ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ከሰልፉ ፊት ቆመን አምስት ደቂቃ እንሠራ ነበር። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንዱ ይሞታል፣ ከዚያ «ስለዚህ እንጠንቀቅ» ብለን እጅ ነስተን እንወጣለን። እዚህ ቤሩት ከመጣሁ ሁለት ተውኔት ጽፌአለሁ፤ ሁለቱንም አይታችኋል። በሁለቱም መጨረሻ ላይ አንዷ ትሞታለች። ክበቡ እስካሁን አልለቀቀኝም ማለት ነው።

እና ዛሬ የምናገረው እንደ አዋቂ ሳይሆን ሥራው እንዳደከማት ሰው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በእነዚህ ሦስት ተውኔቶች ቀንቻለሁ። «ይህንን ምነው እኔ በጻፍኩት» ብዬ ነው የቀናሁት። ሰው በሌላ ሰው ሥራ እንዲህ ሲቀና ደስታም አብሮት አለ።

የጸሐፊዎቹን ስም አልጠራም። ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ መጽሔታችን ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ተውኔቶቹም ርዕስ የላቸውም። እኛው «የዕቃዎቹ»፣ «የስልኩ»፣ «የፓስፖርቱ» እያልን ነው የምንጠራቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበል።

«የዕቃዎቹ» ሰባት ደቂቃ ናት፤ ሰው የለባትም። አራት ሴቶች ነጠላ ተከናንበው ካውያ፣ ፍሪጅ፣ መወልወያና የበር ቁልፍ ሆነው ይቀመጣሉ። ጊዜው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ልጅቷ ገና አሁን ተኝታለች። እሷን አናያትም፣ ትንፋሿን ብቻ ነው የምንሰማው። ዕቃዎቹ ስለ እሷ ያወራሉ። ካውያዋ «እኔ ስግል ከሶኬት ይነቅሉኛል፤ እሷን የሚነቅላት የለም» ስትል አዳራሹ እንዴት እንደሳቀ ታስታውሳላችሁ። ፍሪጁ «ውስጤ ያለውን ሁሉ እሷ ታውቃለች፤ ከዚያ ውስጥ ምን እንደደረሳት ግን የማውቀው እኔ ነኝ» ይላል። ቁልፏ እስከ መጨረሻው ዝም ትላለች። ሁሉም ዞረው «አንቺስ ምን ታውቂያለሽ?» ሲሏት «እኔ የተማርኩት ወደ አንድ በኩል መዞር ብቻ ነው» ትላለች። በቃ፣ አለቀ።

ይህች እህታችን አውቃውም ሳታውቀውም የሀገራችንን ቲያትር መነሻ ነክታለች። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው፤ በ1913 ዓ.ም. አካባቢ የተሠራ፣ ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች የተነሣ። እዚያ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ የሚነኩት ግን ሹማምንቱን ነበር። ሹማምንቱም ገባቸው። በዘመነ ዘውዲቱ ተውኔቱ ታገደ። በሰው አፍ ሊባል የማይችለውን በእንስሳ አፍ ማስባል የቆየ የእኛ ጥበብ ነው። የእኛዋ ጸሐፊ ደግሞ በካውያ አፍ አስባለችው። የትኛዋ ማዳም ናት «ካውያው ሰደበኝ» ብላ የምትከሰው?

ሌላም ነገር ልጨምር። ልጅቷን ከመድረክ ማስቀረቷ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማቆመው እሷን ነበር፤ ታወራለች፣ ታለቅሳለች። እዚህ ግን ተመልካቹ ራሱ «ልጅቷ የት አለች?» ብሎ ይፈልጋታል። በዚያ ቤት ውስጥ እሷን የሚፈልጋት የለም፤ ሥራዋን ነው የሚፈልጉት። ተውኔቷ እኛን እንድንፈልጋት አደረገችን።

«የስልኩ» ከሁሉም ታጥራለች። ሁለት ወንበር፣ ጀርባና ጀርባ። አንዱ ላይ ልጅ፣ ቤሩት፣ በልኮን ላይ፤ ሌላው ላይ እናት፣ ሀገር ቤት። ልጅቷ ባዶ እግሯን እርጥብ ወለል ላይ ሆና «ሳሎን ተቀምጬ ቴሌቪዥን እያየሁ ነው እማዬ» ትላለች። እናቲቱ ባዶ አልጋ እያየች «አባትሽ ተኝቷል፣ አልቀሰቅሰውም» ትላለች። ልጅቷ «ደሞዝ በሰዓቱ ነው የሚሰጡኝ» ትላለች፤ እናቲቱ «የላክሽው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው» ትላለች። ሁለቱም ይዋሻሉ፤ ሁለቱም የሚዋሹት በፍቅር ነው። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። ሁለቱም ስልካቸውን ይዘው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ግማሽ ደቂቃ ያህል። መድረክ ላይ ግማሽ ደቂቃ ዝምታ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል።

ጸሐፊዋን በኋላ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ስትጽፈው መጨረሻው ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ልቅሶ ነበረው አለችኝ። ሥራ ላይ ሆና ደጋግማ ስታስበው «ይህ ሁሉ ልቅሶ የኔ ነው፣ የልጅቷ አይደለም» ብላ አወጣችው። ይህን ስትለኝ ቤት ገብቼ የራሴን ደብተር አየሁ፣ አፈርኩ። ተዋናይዋ ካለቀሰችልን እኛ እፎይ ብለን እንሄዳለን። ካላለቀሰች ግን ሸክሙን ወደ ቤት ይዘነው እንገባለን።

እኔም ይዤው ገባሁ። የማልናገረው ነገር ነበር፣ ግን ስለዚህች ተውኔት እውነቱን ልናገር ካልኩ ልደብቀው አልችልም። አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ማዳም ወደ ተራራ በወጣችበት ቀን፣ ልብሷን ለብሼ ሶፋዋ ላይ ተቀምጬ ፎቶ ተነሣሁና ላክሁላት። እህቴ ያንን ፎቶ ስልኳ ላይ ፊት ለፊት አደረገችው። እኔ ደስ አለኝ። ዘንድሮ «ደላላ አግኝቻለሁ፣ ፓስፖርት አውጥቻለሁ፣ እንዳንቺ ልሆን ነው» አለችኝ። «ቆይ እስቲ» ከማለት ሌላ ምንም አላልኳትም። ምን ልበላት? ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ እኮ!

ያቺን ተውኔት ባየሁ ማታ ደወልኩላት። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እንደምነሣ፣ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት እንደማልቀመጥ፣ መጀመሪያ የገባሁበት ቤት የአምስት ወር ደሞዜን እንደበላኝ፣ ፎቶውም የማን ሶፋ እንደሆነ ነገርኳት። «አንቺ ወጥተሽ እኔ እንዳልወጣ ነው?» ብላ ዘጋችብኝ። ሦስት ሳምንት አላወራችኝም። ባለፈው ረቡዕ አንድ መልእክት ላከች፦ «ሶፋው ላይ ስንት ደቂቃ ተቀመጥሽ?» «ፎቶው እስኪነሣ» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። ትመጣ ይሁን ትቅር አላውቅም፤ ውሳኔው የእሷ ነው። ግን ብትመጣ እንኳ በእኔ ውሸት አትመጣም።

ሦስተኛዋ «የፓስፖርቱ» ናት። አሠራሩን አንዲት ሊባኖሳዊት የቲያትር አስተማሪ በሦስት እሁድ አሳይታናለች። ፎረም ቲያትር ይባላል። ያመጣው አውጉስቶ ቦአል የሚባል ብራዚላዊ ነው። ታሪኩ ችግሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ ከተመልካቹ መካከል «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ያለች ወጥታ በልጅቷ ቦታ ትገባለች። ሌሎቹ ተዋንያን አይለቁላትም፤ እንደ እውነተኛው ሕይወት ነው የሚመልሱላት።

ልጅቷ ፓስፖርቷን ከማዳም መሳቢያ ትፈልጋለች። መጀመሪያ የወጣችው እህታችን ጮኸች፤ ማዳም መክተብ ደወለች። ሁለተኛዋ መሳቢያውን ከፍታ ወሰደች፤ ማዳም «ሌባ ብዬ አስይዝሻለሁ» አለች። ያን ጊዜ ሲስቅ የነበረው አዳራሽ እንዴት ጸጥ እንዳለ አስታውሱ። ያቺን ቃል የማያውቅ የለም። ሦስተኛ የወጡት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ትልቋ እህታችን ናቸው። ቀስ ብለው «ማዳም፣ የፓስፖርቴንና የኢቃማዬን ኮፒ ስጪኝ። ብታመም ሆስፒታል ይጠይቁኛል፤ አንቺም በሌሊት ከምትቸገሪ» አሉ። ማዳም ሆና የምትሠራዋ ልጅ መልስ አጣች። ኮፒውን ሰጠቻቸው። እኛ አጨበጨብን።

ይህ ድል ነው ወይ? ሙሉ ድል አይደለም። ፓስፖርቱ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጪ እንዳደረጋት ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ወጥ የሥራ ውል በሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ያልተቋረጠ እረፍት ይገባታል ቢልም፣ ዛሬ እዚህ ያልመጡትን ስንቆጥር ወረቀትና ኑሮ ምን ያህል እንደሚራራቁ እናያለን። ቲያትር ሕግ አይቀይርም። ግን የዚያን ዕለት አርባ ሴት ምን ብላ እንደምትጠይቅ ተለማምዳ ወጣች። እስካሁን ሁለት እህቶች ኮፒያቸውን በእትዬ ቃል ጠይቀው እንዳገኙ ነግረውኛል። አንዷ ጠይቃ ተከልክላለች፤ እሱንም ልናገር ይገባል።

ምስጋና ብቻ እንዳይሆን አንድ ነገር ልተች። በሁሉም ሥራዎቻችን፣ የኔንም ጨምሮ፣ ማዳም አንድ ድምፅ ነው ያላት፤ ጥቁር መነጽር አድርጋ ትጮሃለች። ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። ከቴታ ጋር ተቆልፈው የሚውሉ ስንት እህቶች አሉን! አሮጊቷም እሷም ከቤት አይወጡም፤ ቋንቋ ሳይግባቡ ቡና አብረው ይጠጣሉ። እስቲ አንዳችሁ እሱን ጻፉልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለበዓሉ እንግዶች ስለሚመጡ «የስልኩ» መጨረሻዋ ይቀየር፣ ልጅቷ ሀገሯ ገብታ እናቷን ስታቅፍ እናሳይ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ያቀረቡትን እህቶች አከብራለሁ፤ እንግዳ አይዘን ነው ያሉት። እኔ ግን አይቀየር እላለሁ። ያቀፈችው ልጅ የኔ የሶፋ ፎቶ ናት። ስንልከው የኖርነውን ፎቶ ደግሞ መድረክ ላይ እናውጣው? እንግዳ ለማስደሰት «የዕቃዎቹ» አለችልን፤ መጀመሪያ እሷን እናሳይና ይሳቁ፣ ቀጥሎ «የስልኩ»ን እንዳለች እናሳያቸው።

«የመጣነው ለሥራ ነው፣ ቲያትር ምን ያደርግልናል» ያላችሁም አላችሁ። እውነት ነው፣ ለሥራ ነው የመጣነው። ግን ተውኔቶቹ አጭር የሆኑት ለምን ይመስላችኋል? ጊዜያችን ስለሆነ ነው አጭሩ። አንዷ ተዋናያችን ቃሏን የምታጠናው ሽንኩርት ስትልጥ ነው፤ ለምን አለቀስሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ሌላዋ መታጠቢያ ቤት ውሃ ከፍታ በዋትሳፕ ድምፅ ትልካለች። ከሥራ ሰዓታቸው ያጎደሉት የለም፤ ከእንቅልፋቸው ነው ቀንሰው የሰጡን።

ስለዚህ ጻፉ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል ይበቃል። ፊደል የሚያስቸግራችሁ በድምፅ ላኩልኝ፣ እኔ እጽፍላችኋለሁ። እኔም ሦስተኛዬን ጀምሬአለሁ። ስለ ሁለት እህትማማቾችና ስለ አንድ ፎቶ ነው። መጨረሻውን ገና አላገኘሁትም፤ በዚህኛው ግን ማንም አይሞትም።